ቀዩ ፍሬን

ጡረተኛው መምህር ጋሽ መዝገቡ አሮጌ ኮሮላቸውን ለጋራዥ ሰጥተው አያውቁም። "ሰው ከነካት ሌላ በሽታ ታመጣለች" ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት የፊት ፍሬኗ ይዞ አልለቅ ሲል፣ ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ በክሪክ አነሷት፤ ከሥሯ ጠንካራ ድጋፍ ሳያስገቡ ግን አንድ ጎማ አልፈቱም። የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጡትን ካሊፐሮች አውልቀው ዝገታቸውን ፋቁ፣ ያረጁትን የጎማ ቀለበቶች ለወጡ።

ይሄኔ ባለቤታቸው ጀማነሽ ሙቀት የሚችል ቀይ ቀለም ይዘው ብቅ አሉ።

"እንቀባቸው መዝጌ።"

"ፍሬን ነው እኮ፣ ጥፍር መሰለሽ? ጎማው ገብቶ ኮፓው ሲሸፍነው ማን ሊያየው!"

"እኔ አውቀዋለሁ፣ በቃ!"

ጀማነሽ እየሳቁ ቀቡት። ቀለሙ ሲደርቅ ጋሽ መዝገቡ እያጉረመረሙ ገጠሙ፤ ጀማነሽ ፔዳሉን እየረገጡላቸው እሳቸው የፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር አስወጡ። ፔዳሉ ጥንክር ሲል መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ሞከሩት፣ ከዚያ እስከ ኦሎምፒያ ደርሰው ተመለሱ። ኮሮላዋ ቁሚ ባሏት ቦታ ሁሉ ቀጥ አለች። ጀማነሽ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ጀማነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መኪናዋ ከበር ውጭ ቆማለች። ኮፓ የሚባል የላትም። የፊት ጎማዎቿ ወደ መንገዱ ተጣመው፣ ቀዩ ካሊፐር እንደ ፍም ይታያል። ጎረቤታቸው ዓብዱሰላም አጎንብሶ ያደንቃል።

"ኮፓው የት ገባ?" አሉ ጀማነሽ።

"ፍሬን አየር ማግኘት አለበት" አሉ ጋሽ መዝገቡ ኮስተር ብለው። ከዚያ ወደ ዓብዱሰላም ዞሩ፦

"ቀለሙን የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ!"