መታወቂያ ላይ የሌለ ስም

ሙላቴ ከሬዲዮ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ሲጀምር ደብረ ታቦር ውስጥ ያዘኑለት ብዙ ናቸው። ፊቱን የማያውቅ ሁሉ ድምፁን ያውቃል። የሰፈሩ ቄስ መንገድ ላይ አግኝተውት፣ ታመህ ነው ወይስ አጥፍተህ ብለው ጠየቁት። ሁለቱም አይደለም ሲላቸው አላመኑትም።

እሱ ግን የተሰጠውን ማንበብ ሰልችቶት ነበር። በየሳምንቱ የሚወጣው ጋዜጣ የራሱን ወሬ ራሱ አነፍንፎ እንዲጽፍ ፈቀደለት። የመጀመሪያው ትልቅ ወሬ ገሳይ ከምትባለው ጎረቤት ከተማ ተገኘ፤ ለገበሬው የመጣ ማዳበሪያ ጭድ ለብሶ ከመጋዘን እየወጣ ነው። መጋዘኑን የምትይዘው ዘነበች ናት። ዘነበች ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ልጆቿ ግን ጠመንጃ ይዘው ይውላሉ። ከዚህ በፊት ስለ ማዳበሪያው የጠየቀ አያሌው የሚባል ገበሬ በመጀመሪያ የጭድ ክምሩ ተቃጠለበት፣ ቀጥሎ ራሱ ታጣ። ገሳይ ያሉት ወደ አንበሳሜ ሄዷል ይላሉ። አንበሳሜ ያሉት አላየነውም ይላሉ።

ጆንያዎቹ ሲጫኑ በዓይኗ ያየችው ብርቱካን ናት፤ ቤቷ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ስሜ እንዳይወጣ ብላ ለሙላቴ ነገረችው። ሬዲዮ ቢሆን ቀላል ነበር። ባለሙያው ድምፅ ያወፍራል፣ ምስክሯ ከበርሜል ውስጥ የምትናገር ትመስላለች፣ ስም የሚጠይቅ የለም። ጋዜጣ ግን ስም ይፈልጋል። አዘጋጇ በስልክ፣ አንድ ስም አውጣላትና «ስሟ የተቀየረ» ብለህ ጻፍ አለችው። ሙላቴ ተቸገረ። ውሸት አንብቦ ያውቃል፤ ጽፎ ግን አያውቅም። ብርቱካን ቤት ሳለ የነፍስ አባቷ ገብተው በመስቀል ሲባርኳት ወለተ ሰንበት ብለው ሲጠሯት ሰምቶ ነበር። የክርስትና ስም መታወቂያ ላይ የለም፤ ቀበሌም አያውቀው። ወለተ ሰንበት፣ «ስሟ የተቀየረ» ብሎ ጻፈ። በብልጠቱ ራሱ ተደሰተ።

ጋዜጣው የደረሰ ዕለት ከሠናይት ገዛ። ሠናይት መነኸሪያው በር ላይ ጋዜጣ የምትሸጥ የገሳይ ልጅ ናት። የምሸጠውን ዕቃ ማወቅ አለብኝ እያለች ሁሉንም ታነባለች።

«ወለተ ሰንበት ያልካት ብርቱካንን ነው?» አለችው።

ሙላቴ የሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን ቃኘ።

«አብረን ነው ያደግነው። ክርስትና ያነሳቻት ማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

አላውቅም አላት።

«ዘነበች ናት።»

ክርስትና የምታነሳ ሴት ስሙን ከቄሱ አፍ ተቀብላ ለእናትየዋ የምታደርስ ናት። አገር ቢረሳው እሷ አትረሳውም። ሙላቴ ስሙን ከመንግሥት ደብቆ፣ መደበቅ ከነበረበት ከአንድ ሰው ፊት አሳትሞ አስቀመጠው። ወደ ገሳይ የላክሽው አለ ወይ ሲላት፣ እንደ ወትሮው ለገሳዩ ሻይ ቤት የሚሆነው በመጀመሪያው መኪና መሄዱን ነገረችው።

ብርቱካን ጋ ደወለ። ኔትወርክ የለም። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም የለም። ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ገሳይ ብሎ ሂሳብ ሲከፍል ከኋላ የተቀመጠች ሴት፣ ሬዲዮው ነው አለች፤ ወንበሩ ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም። መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር የዘነበች ልጅ ይመስለዋል። በዚያ መንገድ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው አይጠፋም። 

ያሰበው ብርቱካንን በመልስ መኪና ይዟት ሊመጣ ነው። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ግን በሻይ ቤቱ ደጅ ያልፋል። ደጁ ላይ ዘነበች ተቀምጣለች። ጋዜጣው ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አለችው።

ሻይ አዘዘችለት። ዓይኔ ፊደል አይለይልኝም አለች። ሰው ስለ ማዳበሪያ ተጽፏል እያለ ነገሩን እየደባለቀባት ነው፤ የሬዲዮው ሰው መጥቶ ሳለ ሌላ አንባቢ መለመን ደግሞ ነውር ነው። ውስጥ ያሉት ጠጪዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ከመንገዱ ማዶ አንደኛው ልጇ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሙላቴ አነበበ። ድምፁ እንደ ድሮው ዜና ቀጥ ብሎ ወጣ። ወለተ ሰንበት የሚለው ስም ከታች ሲመጣ ከሩቅ አየው። እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ሳይቀይር «ትዕግሥት የተባለች የአካባቢው ነዋሪ» አለና አለፈ። ወረቀት ላይ ስሕተት ያየ አንባቢ እያነበበ ያርማል፤ ሬዲዮ ያስተማረው ይህን ነው። ዘነበች ራሷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጉሮሮህ ይባረክ» አለችው። ጋዜጣውን ተቀብላ አጠፈችው። «ጠዋት መርጌታ ሲያነቡልኝ ግን የሰማሁት ሌላ ስም ነበር።»

«እትዬ ዘነበች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዓይኔ ስቶ ነው።»

«የአንተም ዓይን ፊደል አይለይም?» ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔማ ስሟ የተቀየረ ስለሚል፣ እንግዲያ የእኔዋ አይደለችም ብዬ ትቼው ነበር። አንተ ስታነብ ባትቀይረው ኖሮ እንደተውኩት እቀር ነበር።»

ሻዩን አልጠጣውም። እሷ ተነሳች፤ ልጇም ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ና እንሂድ፤ የክርስትና ልጄን ካየኋት ቆየሁ። ለእኔ በሩን ላትከፍት ትችላለች። አንተ ጥራልኝ፣ ድምፅህን ታውቀዋለች።»

በመጋዘኑ ጎን ዞረው ሄዱ። ዘነበች በመንገድ ላይ ስለ ገብሱ ማማር ታወራው ነበር። የብርቱካን በር ተዘግቷል፤ ከጣራው ጭስ ይወጣል። ዘነበች በአገጯ በሩን አሳየችው። ልጇ ከሙላቴ ጀርባ ቆመ፣ የጠመንጃው ማንገቻ ሲንቋቋ ይሰማል።

ሙላቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም በሙሉ የዜና ድምፁ፣ ማንም ጽፎ ያልሰጠውን አነበበ።

«ብርቱካን፣ አትክፈቺ። ዘነበችና ልጇ ደጅሽ ላይ ናቸው። በጓሮ ውጪ።»

ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። ቀጥሎ የጓሮው በር መቀርቀሪያ ሲነሳ ሙላቴ ሰማ።

ልጁም ሰማ።