ለሌላ አገር የተጻፈ ንግግር

ጄኔቫ በሚካሄደው የሰብአዊ መብት ጉባኤ አገሮች ተራ በተራ ይገመገማሉ። የእኛ ኤምባሲ ለወዳጅ «መሻሻሉን እናደንቃለን»፣ ለጠላት «አጥብቀን እናወግዛለን» ይላል። በንግግሩ ውስጥ የአገር ስም አንጽፍም፤ «ተገምጋሚው አገር» ካልን ለከርሞም ያገለግላል።

ማክሰኞ ጠዋት ተገምጋሚው ከእኛ የጦር አውሮፕላን የሚገዛው ወዳጃችን ነበር። ባልደረባዬ ሊዝቤት ግን ለከሰዓቱ ጠላት የተዘጋጀውን ወረቀት አንስታ አነበበችው። ጋዜጠኛ አስራችኋል፣ ሰልፈኛ ላይ ተኩሳችኋል፣ እስረኛ ገርፋችኋል አለች። አዳራሹ ውስጥ ማንም ግር አላለውም፤ ያለችው ሁሉ ልክ ነበራ። የአምባሳደራችን ፊት ብቻ በርበሬ መሰለ።

ለሻይ ስንወጣ የወዳጃችን ልዑክ እየተጣደፈ መጣ። ውሸት ነው ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን አስቀየምናችሁ?» አለ።

«ኧረ ምንም፤ ልጅቷ ወረቀት ተሳስታ ነው» አሉ አምባሳደሩ ትከሻውን እየደባበሱ። ልዑኩ ሲሄድ ወደ ሊዝቤት ዞሩ። «ከሰዓት ገብተሽ ታርሚያለሽ።»

«የቱን ልረም፣ ክቡር አምባሳደር? ገርፈዋል እኮ።»

«ማን አልገረፉም አለ? ለእነሱ አልተጻፈማ።»

ከሰዓት ገብታ «የጠዋቱ ንግግራችን ለሌላ አገር የተዘጋጀ ነበር» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ሰብሳቢው አመስግኗት ያንን ሌላ አገር ጠራ። ሊዝቤትም ያንኑ ወረቀት አንስታ፣ አንድ ቃል ሳትቀይር እንደገና አነበበችው። ግርፋቱ ጋ ስትደርስ የወዳጃችን ልዑክ ከንፈሩን መጠጠ።