አምና የተረጨበት ቀን

ሐምሌ 4 ቀን 1976 ዓ.ም. ጠዋት፣ ጉቴ አጠገብ ካለ አንድ የዳጉሳ ማሳ ጫፍ ላይ አራት ሰዎች ነበርን፤ የማሳው ባለቤት ኦቦ ሞረዳ፣ ሚስታቸው አዴ ድርቤ፣ ከነቀምቴ የመጣው የእርሻ ልማት ሠራተኛ ገቢሳ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ እኔ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በግንቦት ጀምሮ ዳጉሳውን ካበቀለ በኋላ ሰኔን ሙሉ ጠፋ። ዳጉሳው ጠወለገ። እነ ሞረዳ ቱፎ የሚሉት አረም፣ መጭ፣ ግን አልጠወለገም፤ ቅጠሉ አቧራ ለብሶ፣ ሻክሮና ደንድኖ ቆመ። ልጃቸው ነመራ ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደ ቤቱ ውስጥ የሚያርም ጉልበት አልነበረም። የቀራቸው ዳዶ የሚባለው የጎረቤት ወረፋ ነው። በእኛ ሰፈር ስድስት ቤት ተራ ገብቶ የአንዱን ማሳ በአንድ ቀን ያርማል። የሞረዳ ተራ በማግስቱ ነበር።

ገቢሳ የአረም መድኃኒት እያለ ስድስት ቤት ሰው ማድከም ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቃቸው። ሞረዳም ተራቸውን ከስድስቱ ቤት ለአንዷ፣ ለዘርፈሽ ለቀቁ። አዴ ድርቤ ጎንበስ ብለው አንድ የመጭ ቅጠል በጣታቸው አሹ።

«ይኼ እኮ ቆዳ ሆኗል። ይጠጣል ብለህ ነው?»

«ይጠጣል አዴ። ኦቦ ሞረዳ ጠላ እንደሚጠጡት ነው የሚጠጣው» አለ ገቢሳ። ሞረዳ ሳቁ።

መርጫውን በጀርባው ሲያዝል የአጠቃቀም ወረቀቱን እንድይዝለት ሰጠኝ። አረሙ ለጋ ሳለ፣ መሬቱም እርጥበት ሲኖረው ይረጫል ይላል፤ በድርቅ በደነደነ አረም ላይ በደንብ አይሠራም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገቢሳ አምናም ሌላ ማሳ ላይ የረጩት ሐምሌ 4 ቀን እንደነበረና አንድ መጭ እንዳልተረፈ ለሞረዳ ይነግራቸው ነበር። አምና ግን ሰኔን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለት።

ገቢሳ በረጨ በሳምንቱ መጩ አንገቱን ጠመዘዘ። ከዚያ ዝናቡ መጣና ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ዘነበ። መጩ ቀና አለ፤ ከሥሩም ሌላ በቀለ። ሞረዳ የዳዶውን ሰዎች እየዞሩ ለመኑ። ዝናቡ የሁሉንም ማሳ አረም በአንድ ጊዜ ስላስነሳው ተራውን የሚለቅ አልተገኘም። ዘርፈሽ ብቻ አፍራ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣች።

ነሐሴ 2 ቀን ጭቃው ውስጥ ተንበርክከን ስናርም ሞረዳ ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ያን ዕለት አንብበኸው ነበር?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ?»

«እሱ የተማረ ነው፣ ያውቃል ብዬ ነው።»

አንድ መጭ ነቅለው ጭቃውን አራገፉ።

«እኔም እንደዚያው ብዬ ነው» አሉ።

ሞረዳ፣ አዴ ድርቤና እኔ፣ ሦስታችን አሥራ አንድ ቀን አረምን። የማሳው የላይኛው ግማሽ ዳነ። የታችኛውን ከነዳጉሳው አጭደን ለበሬዎቹ ሰጠን።