አስከሬን የማይወጣበት ሐሙስ

«ነገ አይቻልም» አለ ከቀብር አስፈጻሚው ቢሮ የመጣው ሰው፣ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ቶሚኤ እያዞረ። ሐሙስ «ወዳጅ ጎታች» የሚሉት ቀን ነበር። በስድስት ቀን አንዴ ይመጣል። በዚያ ቀን የተሸኘ ሟች የሚወደውን ሰው አስከትሎ ይሄዳል ስለሚባል በከተማው አስከሬን አይወጣም፣ ማቃጠያውም ዝግ ነው። ስለዚህ ኢዋኦ ሴጋዋ እስከ ዓርብ ቤቱ መቆየት ነበረበት።

ቶሚኤ ባሏ ከተጋደመበት ፍራሽ አጠገብ እንደተንበረከከች፣ እንዳይበላሽ ከጎኑ የተደረደረው ደረቅ በረዶ ይበቃው እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ሰውየው ጠዋት መጥቶ እንደሚቀይረው ነግሯት ወጣ።

«ይበርደዋል እኮ» አለች ዘወር ብላ ለልጇ።

ናሆኮ የአባቷን ብርድ ልብስ ጠርዝ አስተካከለች። የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ከኦሳካ በባቡር የደረሰችው በዚያው ጠዋት ነው። አባቷ በታመመባቸው አምስት ወራት የመጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ስለ አየሩ አወሩ። ሁለቱንም ጊዜ እሱ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። የሳምንቱን ቀን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ያልጠየቀውን የነገረችው ይመስል። መድኃኒቱ ነው፣ አእምሮው እየሸሸው ነው ብላ አሰበች።

ረቡዕ ከሰዓት ጎረቤቱ ተራ በተራ ገባ። እየተንበረከኩ የፊቱን ነጭ ጨርቅ ገለጥ አድርገው ያዩታል፣ ሰላምታ ይሰጡታል፣ ከዚያ ሻይ ይዘው ስለ መኪና ያወራሉ። ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ከተማው በብረት ፋብሪካው ጥላ ሥር ነው የሚኖረው፤ ከጭስ ማውጫዎቹ የሚወርደው ደቃቅ የብረት ብናኝ ለዓይን አይታይም። መኪና ላይ ያርፋል፣ ቀለሙ ውስጥ ይሰካል፣ ዝናብ ሲነካው ይዝግና ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይሆናል። ሳሙና አያስለቅቀውም። ኢዋኦ ግን ለመኪና ማጽጃ የተሠራ፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ጭቃ ነበረው፤ በሳሙና ውሃ ቀለሙን እያራሰ በጭቃው ሲዳስሰው ብናኙ ከሥሩ ተነቅሎ ይወጣል። አትክልት ሻጯ መበለት ነጭ መኪናዋ አሥራ ሰባት ዓመት እንደሞላትና ሰው ግን ዛሬም አዲስ ናት ወይ እያለ እንደሚጠይቃት ተናገረች። ይህን ብላ አለቀሰች።

ናሆኮ ስለማታውቀው ሰው እንደሚወራ ሆና አዳመጠች።

እሷ የምታውቀው ይህን ነበር። አባቷ ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቶ፣ እሷ አራት ዓመቷ ሳለ በድንገት ተወው። ከቤታቸው ጀርባ መኪና የሚያጸዳበት ጋራዥ ከፈተ። ልጅ ሆና እዚያ አብራው ትውል ነበር፤ ከአንድ ቡጢ የማትበልጥ ጭቃ ይሰጣትና ዝቅ ያለውን የበሩን ክፍል ይለቅላታል። ግን «ወዳጅ ጎታች» በመጣ ቁጥር አባቷ ባልዲውን ይዞ ይጠፋል። የስፖርት ቀኗ ይሁን፣ ልደቷ ይሁን፣ ለውጥ የለውም። «ኩሪሞቶ ጋ ሄዷል» ትላታለች እናቷ። ኩሪሞቶ የአስከሬን መኪና ሹፌር ነው።

አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ምረቃዋ በዚያው ቀን ዋለ። አባቷ እንደሚመጣ ምሎ ነበር። ሁሉም ተማሪ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ፣ ጣሪያዋ ላይ ወርቅ የተቀባ የእንጨት ቤተ መቅደስ የተሸከመችው ጥቁር የአስከሬን መኪና መጥታ ቆመች። አባቷ ከነሥራ ልብሱ ወረደ። የራሱ መኪና አልነሣ ብሎት፣ እንዳይቀር ብሎ ኩሪሞቶ ነበር ያደረሰው። ወላጆች ፊታቸውን አዞሩ፤ ልጆቹ አውራ ጣታቸውን መዳፋቸው ውስጥ ደበቁ፣ ሞት ወላጅን እንዳይነካ አስከሬን ሲያልፍ እንደሚደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ሬሳዋ» ሆነ። ቤት እንደገቡ ዳግመኛ ትምህርት ቤቷ እንዳይመጣ ነገረችው። እሱም ቃሏን አከበረ፤ አልመጣም። እሷም ጋራዡን ሁለተኛ አልረገጠችም።

ሐሙስ ጠዋት ኩሪሞቶ መጣ። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት እየተደገፈ ነው የተንበረከከው። ጨርቁን ገልጦ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ቶሚኤ ዞሮ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ አጎነበሰና ይቅርታ ጠየቀ። ኢዋኦ ከታመመ ወዲህ የአስከሬን መኪናዋን በደንብ ያጸዳት ሰው የለም። ራሱ ሞክሮ አልቻለም፤ አሁን ያለችው ቤተ መቅደስ የሌላት ረጅም ጥቁር መኪና ናት፣ ነጠብጣቡ ሁሉ ይታያል።

«ነገ እሱን በሷ መጫን አፈርኩ» አለ። «ከጎረቤት ከተማ ሌላ ልለምን ነው።»

ናሆኮ የሻይ ስኒዎቹን እየሰበሰበች ነበር፤ አስቀመጠቻቸው።

«አሁን የት ናት?»

«ባቡር ጣቢያው ጋ። ደጃችሁ ላቆማት አልደፈርኩም።»

«ያምጧት፣ ጋሽ ኩሪሞቶ» አለች።

የኢዋኦ ታላቅ ወንድም ዴንጂ ከማዕዘኑ ተቃወመ። አባቷ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ልጅቷ ደጅ ላይ የአስከሬን መኪና ስታጥብ ሰው ምን ይላል ብሎ ጀመረ። ቶሚኤ ድምፅዋን ሳታነሣ አቋረጠችው።

«ተዋት፣ ወንድም ጋሼ። ዛሬ እኮ የሱ ቀን ነው።»

ጋራዡ እርጥበትና ሰም ሰም ይሸታል። ጭቃው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ነበር፣ ግራጫ፣ በብርድ ደርቋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ እስኪለሰልስ አሸችው። የሐዘን ልብሷ ላይ የአባቷን ሽርጥ አሰረች። መኪናዋን አጥባ ስትጨርስ፣ እጇን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታ በሩ ላይ አሳለፈች፤ በፌስታል ሲዳስሱት ትንሿ ኮረት እንኳ አትደበቅም። ልክ እንደ አሸዋ ነበር። ኩሪሞቶ የሳሙናውን ውሃ እየረጨ እሷ ጭቃውን ወዲያና ወዲህ አንሸራተተች፣ ሳትጫን። መጀመሪያ ይፋጫል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል፣ ጭቃው ራሱ ይንሸራተታል። ገልብጣ ስታየው ዝገት ለብሷል። አጠፈችው፣ ንጹሑን ገጽ አወጣች፣ ቀጠለች።

ፓራፋንጎው ላይ ሲደርሱ ጭቃው ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ። ኩሪሞቶ ሊያነሣላት ጎንበስ አለ።

«ይተዉት። አሸዋ በልቷል፤ ይቧጭራል።»

የተናገረችው እንዳባቷ ነበር፣ በዚያው ቁርጥ ባለ ድምፅ። ኩሪሞቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ይዞላት መጣ፣ ከዚያም ሳትጠይቀው ይተርክላት ጀመር።

አባቷ ፋብሪካ ሳለ ሚቺዮ የሚባል የፈረቃ ጓደኛ ነበረው፤ ብረት ተጭኖት ሞተ። በሽኝቱ ዕለት ይዘንብ ነበር። ሳጥኑ ከገባ በኋላ የሚቺዮ እናት የአስከሬን መኪናዋ በር ላይ ብርቱካንማውን ነጠብጣብ አየች። በልብሷ እጅጌ መፈግፈግ ጀመረች። ልጄን የገደለው ብረት እስከዚያም ሊከተለው ነው ወይ እያለች ፈገፈገች፤ እጅጌዋ ተቀደደ፣ ነጠብጣቡ ግን አልለቀቀም። ይዞ ያስቆማት ኢዋኦ ነው።

«በወሩ ሥራውን ለቀቀ» አለ ኩሪሞቶ። «ባልዲና ይሄን ጭቃ ይዞ መጣብኝ፤ ያኔ ገና አዲስ የወጣ ነገር ነበር። ምን ሆንክ ብለው፣ ሌላ እናት እንዳትፈገፍግ አለኝ። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ መኪናዋ የምታርፍበትን ቀን አንድም አላሳለፈም። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ወዳጅ ጎታች ዛሬ ነው ነገ እያለ ይቆጥር ነበር።»

ናሆኮ እጇን አቆመች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «ማክሰኞ» ብላ መመለሷ ትዝ አላት።

«ለምን አልነገረኝም?»

ሽማግሌው በውሃው መርጫ ጥቂት ተጫወተ። «ከዚያ ከምረቃሽ በኋላ እኔም ንገራት ብዬው ነበር። እምቢ አለ። ልክ ናት፣ ልጅ የአስከሬን መኪና መውደድ የለባትም አለኝ።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አለቀሰች፣ ግን እጇን ሳታቆም። ጣሪያው፣ ኮፈኑ፣ የኋላው በር፤ ሳጥኑ የሚያልፍበትን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከሰዓት ሰሙን ቀብታ ስትጨርስ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች አጥሩ ሥር ቆመው ነበር። ማንም አውራ ጣቱን አልደበቀም። አትክልት ሻጯ ጠጋ ብላ ጥቁሩ ቀለም ላይ የራሷን ፊት አየችና ነጠላ ጫማዋን እያስተካከለች ወደ ቤት ገባች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ኢዋኦ ወጣ። ኩሪሞቶ የመኪናዋን ጥሩምባ በረጅሙ ነፋ። ናሆኮ ፎቶውን ጭኗ ላይ ይዛ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ በፋብሪካው አጥር ሲያልፉ ኩሪሞቶ ማንም ሳያዘው ፍጥነቱን ቀነሰ። ማቃጠያው ዘንድ እሳቱ እስኪጨርስ ጠበቁ፣ ከዚያ እናትና ልጅ እንደ ወጉ የቀረውን ዐጥንት በረጃጅም የእንጨት መቆንጠጫ አንሥተው ወደ ዐጥንት ማኖሪያው ገንቦ አስገቡ። ቶሚኤ የቀኝ እጁን ትንንሽ ዐጥንቶች ልጇ እንድታነሣ ወደ ጎን አለችላት።

ሲመለሱ እየመሸ ነበር። በራቸው ላይ ቆሙ። ከቀብር የተመለሰ ሰው ከመግባቱ በፊት ትከሻው ላይ ጨው ይነሰነስለታል፤ ሞት ተከትሎት እንዳይገባ፣ ደጅ እንዲቀር ነው። ቀብር አስፈጻሚው ትንሿን የጨው ፖስታ ለቶሚኤ ሰጥቷት ነበር። ናሆኮ ገንቦውን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አቅፋ፣ እናቷ እስክትነሰንስላት ጎንበስ ብላ ጠበቀች።

ቶሚኤ ፖስታውን አወጣች። ጠርዙን በጥፍሯ ነካ አደረገችው፣ ገንቦውን አየችው፣ የልጇን እጅ አየችው። ከዚያ ሳትከፍተው ለሁለት አጠፈችና መቀነቷ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«ሁለታችሁም ግቡ» አለች፣ በሩን እየገፋች።