አርባ ሺህ ፊርማ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው ፊት ስሠራ ኖሬያለሁ። ሥራዬ የምርጫ ቅስቀሳ ነው። ፖስተር አሳትማለሁ፣ አዳራሽ እከራያለሁ፣ ወንበር ባዶ እንዳይመስል ሰው እሞላለሁ፣ የደጋፊ ስም ዝርዝር አዘጋጃለሁ። ዝርዝር ስጀምር እንደ ሁሉም ባልደረቦቼ ከቤቴ ነው የምጀምረው፤ እናቴ፣ ወንድሜ፣ ጎረቤት፣ ከዚያ መንገዱን ይዞ መውረድ ነው። ተወዳዳሪው ካሸነፈ ስሜን ይረሳዋል፣ ከተሸነፈ ግን በደንብ ያስታውሰዋል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። እጄ በምን ሥራ እንደተገራ እንድታውቁልኝ ነው፤ ያጠፋሁትን ያጠፋሁት በዚሁ በተገራ እጄ ነውና።

ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ ሰው ነበር። የጣሪያ ቆርቆሮ ፋብሪካ ስላለው ከኋላው «ቆርቆሮው» እንለዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው። በሦስት ምርጫ የፓርቲያችንን ተወዳዳሪዎች ከኪሱ ደግፎ አስመርጧል። ሦስቱም ጊዜ ያስመረጣቸው ሰዎች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ ስልኩን ማንሳት አቆሙ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ቢሯችን መጣና ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያይ ቆይቶ፣

«ሰው በቃኝ» አለ። «ከእንግዲህ ለሰው አንዲት ሳንቲም አላወጣም። ሰው ይገለበጣል። ጉዳይ ስጡኝ፤ ጉዳይ አይገለበጥም።»

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ተያየን። ጉዳይ ፖስተር ላይ ምን እንደሚመስል ማናችንም አናውቅም። የቢሮው ጠበቃ ብቻ ነው ነገሩ የገባው። አርባ ሺህ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ከቀረበ ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም ድምፅ እንዲሰጥበት ሕጉ ያስገድደዋል፤ ፓርቲም ተወዳዳሪም አያስፈልግም አለ። ጋሼ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በሉ እንግዲህ፣ ሰውን የሚያመው ነገር ምንድን ነው?»

አንዱ ትምህርት ቤት አለ፣ አንዷ የቤት ኪራይ አለች። እኔ አፌ ቀድሞኝ፣

«የኩላሊት እጥበት» አልኩ።

ታናሽ ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ድፍን ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር ታስሮ ደሙ መታጠብ አለበት። የመንግሥት ሆስፒታሉ ማሽን ወረፋው አይደርስም፣ የግሉ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እሱም እኔም ያለንን አሟጠን የምንችለው ከሦስቱ ሁለቱን ቀን ብቻ ነበር። ሐኪሟ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርታ፣ በሁለት ቀን ሰው ይኖራል፣ ግን ብዙ አይቆይም ብላኛለች። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። አቤቱታችን የሚጠይቀው ታዲያ አንድ ነገር ነበር፤ የመንግሥት ሆስፒታል ሁሉ እጥበቱን በነፃ እንዲሰጥ።

«የማን ነው ሕመሙ?» አለኝ ጋሼ።

«የወንድሜ ነው።»

«እንግዲያው አንቺ አትገለበጭም» አለና ተነሣ። ከበሩ ሲወጣ ቼኩን ለጠበቃው ፈርሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ደስታ መደበቅ አልችልም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማምንበትን ነገር ልቀሰቅስ ነው! ከግድግዳው ላይ የሰዎቹን ፎቶ አወረድን። ፖስተሩ ላይ የእጥበት ማሽን አሣልን። ወንድሜ እንደ ማንኛችንም የፊርማ ቅጽ ተሸክሞ ሱቅ ለሱቅ ዞረ፤ መርፌ ያሳበጠውን ግራ ክንዱን በረጅም እጅጌ ሸፍኖ፣ በየአምስት ቤቱ ደረጃ ላይ እየተቀመጠ። ማሽኗን «አማቴ» ነው የሚላት። «አማቴ ጋ ቀጠሮ አለብኝ፤ ከቀረሁ ትቆጣለች» እያለ ፈራሚዎቹን ያስቃቸዋል። ስቀው ይፈርሙለታል።

እሱ ዘንድ ለሰው ሰው አይፈርምለትም፤ ፊርማውም ስሙም ስልኩም የራሱ የሰውየው መሆን አለበት። አንዲት ሴትዮ «ለባሌም እኔው ልፈርምለት» ብትለው፣ «አይ፣ ማታ ሲገባ እመለሳለሁ» ብሎ በዚያ ደካማ እግሩ ተመልሷል። እኔ በሆዴ ሳቅኩበት። እንዲህ ዓይነት ሰው እኛ ቢሮ አንድ ወር አይቆይም።

ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እናታችን ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ያችን የቁልፍ ስልኳን ግን አልዘጋትም። ባትሪዋን በራሱ እጅ ጠግኗታል፣ ኪሱ ውስጥ ነች። አሁንም የሚደውሉ አሉ፤ ሳይሰሙ የቀሩ ዘመዶች፣ የድሮ የገበያ ወዳጆቿ። ለእያንዳንዱ አንድ በአንድ ያረዳል። ዝጋው ስለው፣ «ደውለው የማይሠራ ስልክ ከሚያገኙ፣ ልጇን ቢያገኙ አይሻልም?» አለኝ።

ማስረከቢያው ሐሙስ እኩለ ቀን ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የቢሯችን ጸሐፊ የተደጋገመውንና የተበላሸውን ነቅሳ አውጥታ ስትደምር ሠላሳ ሰባት ሺህ አራት መቶ መጣ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ይጎድላል። በሁለት ቀን ያን ያህል ሰው ማስፈረም እንደማይቻል ለማወቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አያስፈልግም። የሐኪሟ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ምርጫ ቢሆን ኖሮ ምን እናደርግ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ሳያዛት ጸሐፊዋ ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

የድሮ የደጋፊ መዝገቦች እዚያ ናቸው። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም አለ። በየምርጫው ከነዚህ መዝገቦች እየገለበጥን ለፓርቲው ጽሕፈት ቤት «አዲስ ደጋፊ» እያልን እናቀርባለን። ማንም አያጣራም፤ ብዛቱን አይተው ያጨበጭባሉ። አቤቱታ ግን ማጣሪያ ቢሮ የሚባል ነገር እንዳለው ጠበቃው ነግሮናል። ሰምተነዋል። እንደ ሌላው ማጣሪያ ሁሉ ማኅተም መትቶ የሚያሳልፍ መስሎን ነበር። የዚያን ቀን ጠበቃው አልነበረም፤ ቢኖርም አልነግረውም ነበር።

«በየአምስት መስመሩ እስክሪብቶ ቀይሩ» አልኩ። «በየገጹ ደግሞ እጅ እንቀያየር።»

መዝገቦቹን አከፋፈልኩ። የመጀመሪያውን፣ በልጅነቴ የጀመርኩትን፣ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ገልጬ እንኳን አላየሁትም። ሁለት ቀን ሙሉ ስንገለብጥ ዋልን። ሐሙስ ጠዋት የተገለበጡትን ገጾች በእውነተኞቹ መካከል ሰገሰግን፣ ቁጥር ሰጠን፣ አራት ሰዓት ላይ ማጣሪያ ቢሮ ወስጄ አስረከብኩ። ተቀባዩ ሠራተኛ ቆጥሮ፣ በክር ሰፍቶ፣ በሰም አሸገ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ወንድሜ እያለከለከ ደረሰ። በቀኝ እጁ የፕላስቲክ ከረጢት ይዟል። ፊቱ ግርጥት ብሏል፤ ዓይኖቹ ግን ይስቃሉ።

«ቁጥሪው እታለም» አለኝ።

ቅጾች ናቸው። በየእጥበት ማዕከሉ ያሉትን የታማሚ ቤተሰቦች ሁሉ አስተባብሮ ኖሯል፤ ወር ሙሉ፣ ሳይነግረኝ። አንዱ ታማሚ ሰፈሩን፣ ሌላው መሥሪያ ቤቱን፣ አንዷ ደግሞ የሞተ ልጇን የትምህርት ቤት ጓደኞች ወላጆች አስፈርማለች። ቆጠርኩት። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ። የመጨረሻዎቹን ገጾች መልሼ ቆጠርኳቸው።

«ምነው? አነሰ?» አለኝ።

«በቃ» አልኩት። «በቅቷል።»

ወደ ተቀባዩ ዞርኩና ያስረከብኩትን ከፍቶ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰውየው ቀና ሳይል፣

«መጨመር እስከ ስድስት ሰዓት ይቻላል። መቀነስ ከሆነ የሚወጡት ገጾች ቁጥርና ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ፈርመሽ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። የከረጢቱን ጫፍ በጣቱ ይጠመዝዛል። ያን ጊዜ ብጽፈው ኖሮ ሁሉም ነገር ይድን ነበር። ገጾቹን አውቃቸዋለሁ፣ አንድ ሰዓት ይበቃኝ ነበር። ግን ምክንያቱን መጻፍ ነበረብኝ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ እያነበበ። እግሩ እስኪያብጥ በየበሩ የተመላለሰው ልጅ እኅቱ ምን እንዳደረገች እንዲያነብ አልፈለግኩም። አፈርኩ። በሐፍረት ምክንያት ሰው እንደሚገደል እኔ እዚያ ነው ያወቅኩት።

«ጨምርልኝ» አልኩት ሠራተኛውን።

ማጣሪያው ከሳምንት በኋላ ተደረገ። ከገቡት ፊርማዎች መካከል በዕጣ ሁለት መቶ ስም ይወጣል፤ ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ይደውላሉ። አሥሩ ሐሰት ከሆነ አቤቱታው በሙሉ ይወድቃል፤ ያው ጉዳይ ለሦስት ዓመት አይቀርብም። ይህን ጠበቃው ያስረዳን ያን ዕለት ነው። እሱ ታዛቢ ሆኖ ገባ፤ እኔና ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የእጥበት ቀኑ ነበር፤ ከሰዓት ሊሄድ። በበሩ ሥር የደዋዮቹ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር እየደጋገሙ።

ጠበቃው በየጊዜው ብቅ እያለ ይነግረናል። መጀመሪያ ሁለት አለ። ቀጥሎ አምስት። ዘጠኝ ሲል ድምፁ ተለወጠ።

«ከየት መጡ እነዚህ? አንዱ ከአገር ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነው!» ብሎ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሥራ አራት ስም ቀርቷል» ብሎ ተመልሶ ገባ።

«ፈርመው ረስተው ነው የሚሆነው» አለኝ ወንድሜ፣ ሊያጽናናኝ። «ሰው ስንት ነገር ነው የሚፈርመው። ደግሞ እኔ ያመጣኋቸው አይረሱም፤ እያንዳንዳቸውን ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያስፈረምኳቸው። አይዞሽ።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ ልነግረው ነበር። አሥራ አራት ስም፣ ምናልባት ሁሉም እውነተኛ፣ ምናልባት እናልፋለን ብዬ መልሼ ዘጋሁት። አምላክ ሆይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እያልኩ ጉልበቴን እጨብጣለሁ።

ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ኪሱ ገብቶ የእናታችንን ስልክ አወጣ።

«አቤት» አለ በዚያ ለዘመድ በሚናገርበት ድምፅ። «አዎ፣ ስልኳ ነው። … የለችም። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። … ልጇ ነኝ። ምንም አይደል፣ አልሰሙም ነበር ማለት ነው። … ፊርማ?»

የደወለችው ሴትዮ ስትናገር ድምጿ ከስልኩም ይሰማል፣ ከበሩ ሥርም ይሰማል። ያው ድምፅ ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ በሩን አየ፣ ቀጥሎ ስልኩን አየ።

«አይ» አለ ቀስ ብሎ። «አልፈረመችም።»

ስልኩን ዘጋና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በመጀመሪያው መዝገብ፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ በገዛ እጄ የጻፍኳት እሷን ነው። ያን ጊዜ «እኔን ካልጻፍሽ ማንን ልትጽፊ ነው?» ብላኝ ነበር። ወንድሜ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ መዝገቡን ስጀምር አጠገቤ ነበር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው እሱ ነው።

በሩ ተከፈተ። ጠበቃው ወረቀት ይዞ ወጣ።

«አሥረኛው …» አለ።

«አውቃለሁ» አለው ወንድሜ። «የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የመንገድ ደህንነት ጉዳይ ይዟል። ቢሯችን ውስጥ አሁን የተሣለው የትራፊክ መብራት ነው አሉ፤ እኔ አልገባሁም። ያን ዕለት ግን ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ አልፎን ሲሄድ እኛ ብዙ ቆየን። ይቅር በለኝ ማለት ፈልጌ ነበር፤ የምጠይቀው ይቅርታ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚያወጣ ሳስበው ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ።

በመጨረሻ ወንድሜ የእናታችንን ስልክ ኪሱ ከተተና መርፌ ያልነካውን ቀኝ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«ነይ አንሺኝ» አለኝ። «አማቴ ጋ ረፈደብኝ።»