የያውሪ ሹሩባና የባርኔጣ ሠሪው መቀስ

ልጄ ያውሪ ቦጎታ ድረስ ሄዶ ሻርፕና ፖንቾ ሸጦ ሲመለስ ራሱን እያከከ መጣ። መጀመሪያ የመንገድ አቧራ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ሹሩባውን ስፈታው፣ ወገቡ ድረስ የሚወርደው ያን የመሰለ ፀጉር ቅማል በቅማል ሆኗል። ቅጫሙማ አይነሳ!

«አንተ ልጅ፣ ሻርፑን ሸጠህ ይሄን ነው የገዛህበት?» አልኩት። ይስቃል። እናቱ በድንጋጤ ልትሞት ነው፣ እሱ ጥርሱን ያሳየኛል።

ሠርጉ እኮ ደርሷል! ሙሽራዋ ታሚያ ደግሞ የኢሉማን መንደሩ ባርኔጣ ሠሪ የታይታ ቪርሂሊዮ ልጅ ናት፤ «ታይታ» እኛ ዘንድ አባት እንደ ማለት፣ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ታይታ ቪርሂሊዮ እሳቸው ያልሠሩትን ባርኔጣ ያደረገ ሰው ካዩ ሰላምታ የሚነፍጉ ሰው ናቸው። ጎረቤቶቼ አፋቸው አያርፍምና ወሬው እሳቸው ጆሮ ደረሰ። ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ወንበሩንም ጠርጥረውታል መሰለኝ።

«ማማ ሉዝሚላ፣ አክብሬዎት ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ልጅዎ ይላጭ። ካልተላጨ ሠርግ የለም።»

«ምን አሉ?»

«እኔ የምኖረው በሰው ጭንቅላት ነው። የቪርሂሊዮ አማች ቅማላም ነው ከተባለ ማን ነው ባርኔጣዬን አናቱ ላይ የሚያደርገው?» ብለውኝ ወጡ።

ያውሪ ታሚያን ሲያፈቅር ልቡም አእምሮውም አብረው ነው የሄዱት። «ፀጉር አይደል እማዬ፣ ያድጋል» አይለኝ መሰላችሁ!

ደሜ የፈላው ያኔ ነው። አባቱን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወታደር ቤት ሲያስገቡት ሹሩባውን በግድ ቆርጠውበታል፤ በዚያ ዘመን እንዲያ ነበር። የተመለሰ ቀን ባርኔጣውን ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ በጓሮ በኩል ነው የገባው። እጮኛው ነበርኩ፣ ለእኔ እንኳ ራሱን ማሳየት አፈረ። እኛ ዘንድ ወንድ ያለ ሹሩባ አደባባይ ከወጣ ራቁቱን እንደወጣ ነው። ያውሪ ሲወለድ «የዚህን ልጅ ፀጉር መቀስ አይነካውም» ብሎ ማለ። እና አሁን ለቅማል ብዬ የሟች ቃል ላፍርስ? በጭራሽ! ታሚያንም አላስቀርም፣ ሹሩባውንም አላስቆርጥም አልኩ።

ከገበያ የቅማል ሻምፖ ገዝቼ አጠብኩት። ደጋግሜ አጠብኩት። ቅማሎቹ ታጥበው፣ አምሮባቸው፣ ወዝ አውጥተው ብቅ አሉ። ቢቸግረኝ የከብት መድኃኒት ቤት ሄድኩ፤ እህቴ «ለላሟ የሚሰጠው ለሰውም ያው ነው» ብላኛለች። ጠርሙሱን ገዝቼ ስመለስ ግን መጠኑን ልጠይቅ ብዬ ጤና ጣቢያ ጎራ አልኩ። ተመርቃ የአንድ ዓመት የገጠር ግዴታዋን የምታገለግል፣ ከባሕሩ ጠረፍ የመጣች ዶክተር አለች፣ ጊሴላ ትባላለች፤ ስታወራ መተንፈስ የሚባል ነገር አታውቅም። ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አይቨርሜክቲን ነዋ። ያው ነው ይላሉ።»

«ለከብት የተሠራ ነው እኮ! ጉልበቱ ሌላ፣ መጠኑ ሌላ! ልጅዎ ላም ነው?»

«አንዳንዴ» አልኳት።

መሳቅ ስትጨርስ ወንበር ሰጠችኝ። «የሰው ክኒን አለ። ለእከክም ይሰጣል፣ ሻምፖ ላቃተው ቅማልም ይሰጣል። በሰውየው ክብደት ነው የሚታዘዘው። ቅጫሙን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ በሳምንቱ ይደገማል፣ የተፈለፈሉትን ያኔ እንይዛቸዋለን።»

«መላጨትስ?»

«መላጨት? ለምን ተብሎ!»

ልስማት ምንም አልቀረኝ። «ግን» አለች፣ «ከእሱ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት የተነካካ ሁሉ ነገ ይምጣ። አንዱን አክመን አንዱን ከተውን መልሶ ይይዘዋል።»

በማግስቱ ከያውሪ ጋር ስደርስ፣ ወሬው ቀድሞን ኖሮ ታሚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። አባቷም አሉ። ታይታ ቪርሂሊዮ የባርኔጣ ክፈፍ የሚከረክሙበትን ያን ትልቅ መቀስ ይዘው ነው የመጡት።

«ክኒኑ እምቢ ካለ» አሉ መቀሱን እያሳዩን፣ «ይሄ እሺ ይላል።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የራሱን ሕመም ረስቶ እኛን ማየት ያዘ። መጀመሪያ ሚዛን ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከነባርኔጣዬ፣ ከነቀሚሴ፣ ከነወርቃማ ዶቃዬ።

«ማማ፣ ዶቃውን ያውልቁ» አለች ዶክተሯ። «ለዶቃ መድኃኒት አልሰጥም።»

ዶቃዬን ሰው ፊት አውልቄ አላውቅም። ለልጄ ስል አወለቅኩ። አንገቴ በርዶት ቆሜ ሳለሁ ዶክተሯ ወደ ጥያቄዋ ገባች።

«ፀጉሩን የሚያበጥርለት ማነው?»

«እኔ» አልኩ። የወንድ ሹሩባ የሚነካው እናት፣ እህት፣ ወይ ሚስት ናት፤ ሌላ ሴት እጇን አትሰድም።

«ሌላስ?»

ታሚያ፣ ክፍል ውስጥ እንደተጠየቀች ተማሪ፣ ጣቷን አወጣች።

«አንቺ?» አሉ አባቷ። «ሳትጋቢ? መቼ?»

«ከመንገድ የገባ ቀን። ተጎሳቁሎ ነበር፣ አሳዘነኝ።»

ዶክተሯ የእኛ ወግ ምኗም አይደለም። «ከዚያ በኋላስ የማንን ፀጉር አበጠርሽ?»

ታሚያ አባቷን አየቻቸው። «እሁድ እሁድ የአባዬን አበጥራለሁ።»

ሁላችንም ባንድ ላይ ወደ ታይታ ቪርሂሊዮ ባርኔጣ ዞርን።

«እኔ ቅማል የለብኝም!» ብለው ጮኹ። እጃቸው ግን ከጆሯቸው ኋላ ደርሶ ነበር፤ ቶሎ ብለው አወረዱት።

ዶክተሯ ታሚያን ከመጋረጃው ኋላ ወስዳ ለብቻዋ አናገረቻት። ስትወጣ ክኒን አልያዘችም። የሚቀባ ቅባትና ጥርሱ የደቀቀ ማበጠሪያ ብቻ ነው የያዘችው። አባቷ ይሄን ሲያዩ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«ለሁሉም ክኒን፣ ለእኔ ልጅ የቅባት ጠርሙስ?»

«ለእሷ የሚሻላት ይሄ ነው፣ ታይታ።»

«ለምን?»

«እሱን ለእሷና ለእኔ ይተዉልን።»

«የኢሉማን ልጅ ስለሆነች ነው? የባርኔጣ ሠሪ ልጅ ስለሆነች ነው? እኔ አድልዎ አልወድም! ክኒን ይሰጣት!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ደግሞ ነገር ሲያገኙ አይምሩም። «እውነታቸውን ነው! ይሰጣት እንጂ!» እያሉ ያጋግሏቸዋል።

እኔ የታሚያን እጅ አየሁ። ሆዷ ላይ ነው ያረፈው። ወልጄ አሳድጌ ያ እጅ ምን እንደሚል ይጠፋኛል? የታይታ ቪርሂሊዮን ፖንቾ ጎተት አደረግኩ።

«ተዉ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ተዉ።»

«እርስዎ ደግሞ ዝም ይበሉ! ልጄ ክኒኗን ሳትውጥ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

«አባዬ!» አለች ታሚያ። «ክኒኑ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።»

እንኳን የሚያወራ፣ የሚያክ ሰው ጠፋ። ያውሪ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ለካ እሱም አልሰማም።

«መቼ?» አሉ ታይታ ቪርሂሊዮ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ቦጎታ ሳይሄድ በፊት።»

መቀሱ እጃቸው ላይ ተከፈተ። ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ። ልጄ ፊት ሄጄ ተገተርኩ። «መቁረጥ ካማረዎት ከእኔ ይጀምሩ!» አልኳቸው።

መቀሱን ሰጡኝ። «ያዙልኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ እያየ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሹሩባቸው ቀጥኗል፣ ሸብቷል። የታሰረበትን ጥለት ራሳቸው ፈትተው ዶክተሯ ፊት ተቀመጡና «እዪው» አሏት። ነጭ ወረቀት ዘርግታ አበጠረችላቸው። የወረደው ወረደ፤ ያውም እየሄደ። አንዲት ሴትዮ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች።

«እኔም አየሁት፣ አትጨነቂ» አሏት ታይታ ቪርሂሊዮ።

ጫማቸውን አውልቀው ተመዘኑ። ክኒኑን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ልጄ ዞሩ።

«ና አንተ።»

ያውሪ እግሩ እየተሳሰረ ቀረበ።

«ውጠሃል?»

«ውጫለሁ፣ ታይታ።»

«በሳምንቱ ትደግማለህ። በየቀኑ ትበጠራለህ። ከዚህ ፀጉር ላይ አንዲት ዘለላ ብትቆርጥ ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

«ይላጭ ብለው አልነበር እንዴ?»

«ነበር። ልጁ ወንድ ከሆነስ? ሹሩባን ማን ላይ አይቶ ይማራል? መላጣ አባት ላይ?»

ይሄን ብለው ክኒኑን ያለ ውሃ ዋጡት። እኔ መቀሱን ታቅፌ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።