ከነሹፌሩ የተለካው ጋሪ

የጋራዡ አለቃ ያለቀውን ጎማ አንከባለው እግሬ ሥር አቆሙት።

«በስድስት ወር ሦስተኛው ነው። አዲስ አስገቢለት፤ አንድ ወር አየዋለሁ። ይሄንንም ከበላ ጋሪው ከሥራ ይወጣል።»

የጎልፍ ሜዳውን ሰባት ቁጥር የባትሪ ጋሪ የሚነዳው አጎቴ ነው። አሸዋና ውሃ እየጫነ አሥራ ስምንቱንም ጉድጓዶች ያዳርሳል። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ በእግሩ አንዱም ጋ አይደርስም። ጋሪው ወጣ ማለት እሱም ወጣ ማለት ነው።

«አየር አንሶት ነው» አለኝ የባትሪ ሠራተኛው። «ሠላሳ አድርጊለትና ተገላገይ።»

«ልኩ ሃያ ነው፤ ሃያ አለው። አየር ቢያንሰው ሁለቱ ጠርዝ፣ ቢበዛበት መሀሉ ነበር የሚበላው። ይሄ ያለቀው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ዳስሰው።»

ዳሰሰው። «ፀጉር ቤት መብራት የጠፋበት ሰው ይመስላል፤ ባንድ ጎኑ ብቻ ተላጭቷል።»

ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በአዲስ ቀየርኩ። አሰላለፋቸውን ከዚህ በፊት ሦስቴ ለክቻለሁ። በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ አስተያያለሁ። የፊቱ በሦስት ሚሊሜትር ይጠባል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። አራተኛ ለካሁ። ያው ነው።

ገና ከመሬት ሳልነሳ አጎቴ መጣና ጋሪው ላይ ዘፍ አለ። ከግዝፈቱ የተነሳ ሠራተኛው ሁሉ «ግንቡ» ነው የሚለው። ጋሪው ዝቅ ሲል የፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ ከፈት ሲሉ አየሁ። እኛ ስንለካ የኖርነው ባዶውን ነበር።

«አጎቴ፣ እንዳትወርድ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ልለካ ነው።»

«እኔን? በሰው ፊት?»

«ለእሱስ የጭነት መኪና ሚዛን ያስፈልጋል» አለ የባትሪ ሠራተኛው።

አጎቴ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሊወርድ አንድ እግሩን አወጣ። ክንዱን ያዝኩት።

«ከወረድክ ጋሪው ከሥራ ይወጣል። ዛሬን ብቻ ቻለው።»

እግሩን መለሰ።

እሱ እንደተቀመጠ፣ አሸዋውንም ጭነን ስለካው፣ የፊቱ በዘጠኝ ሚሊሜትር ይሰፋል። የመሪውን ዘንግ ፈትቼ ሩብ ዙር አዞርኩ። ጎማዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ጋሪውን ወደፊት ገፋነው። ለካሁ፤ ወደ ሰባት ወርዷል። አዞርኩ፣ ገፋን፣ ለካሁ።

«ወገቤ እኮ የኔ መሆኑ ቀረ!» አለ የባትሪ ሠራተኛው።

«ቀልዱን ቀንስና ግፋ» አለው አጎቴ፣ ከላይ ሆኖ።

በስድስተኛው ዙር የፊቱ በሦስት ጠበበ። አጠበቅኩት።

ወሩ ሲሞላ አለቃው መለኪያውን ራሳቸው የጎማው ጥርስ መሀል ሰኩ። ውስጡ አምስት ሚሊሜትር፣ ውጪውም አምስት። ሌላኛውን ጎማ ለኩ። አምስት፣ አምስት።

«ሌሎቹ ጋሪዎችስ?»

«ሁሉንም ባዷቸውን ነው የለካናቸው።»

መለኪያውን ኪሳቸው ከተቱ።

«በይ ሹፌሮቹን ጥሪያቸው።»

አጎቴ ይህን ለመስማት አልቆየም። አሸዋውን ጭኖ ወደ ሜዳው ታጥፏል።